ስለ ናትሩን ሻጋታ ስም፣ ለክቡር ዳይሬክተር

ይድረስ ለክቡር ፕሮፌሰር ዶክተር ሙራድ ታጅ ኤድዲን፤ የተቋሙ ዋና ዳይሬክተር፣ የተቋሙ መጽሔት ዋና አዘጋጅ፣ የሽልማት ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ የቅሬታ ሰሚ ጉባኤው ሰብሳቢ፣ በቢሮዎ በር ላይ ቦታ በማጣት ብቻ ሳይጻፉ የቀሩ የሌሎች ማዕረጎችም ባለቤት።

ካይሮ

ክቡርነትዎ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። ከኅዳሩ ጉባኤ ወዲህ የደም ግፊትዎ ጋብ ብሎልዎት፣ እንቅልፍም በመጠኑ እየወሰደዎት እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በበኩሌ እርስዎ በመደቡልኝ፣ ከመሬት በታች በሚገኘው የብርጭቆ ዕቃ መጋዘን ውስጥ አላህ ይመስገን እጅግ ደህና ነኝ። ደረጃውን መውጣትና መውረድ ለጉልበቴ ጥሩ ሆኖልኛል፤ ሐኪሜም ይህን ያዘዘልኝን ሰው እንዳመሰግን መክሮኛል።

በዚህ ወር በአራተኛው ቀን የተጻፈው፣ ሦስት ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤዎ ደርሶኛል። የተቋሙን ክብር በማጉደፌ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ በአደባባይ ይቅርታ እንድጠይቅ አዝዘዋል። ትእዛዝ አክባሪ ነኝና ይኸው አደባባይ ወጥቻለሁ። ይሁንና ይቅርታ ጠያቂ ጥፋቱን በዝርዝር ማስረዳት ስለሚገባው፣ ለክቡርነትዎ አዲስ ያልሆነውን ነገር ለማያውቁት አንባቢዎች ከሥሩ ጀምሬ እንዳወራ ፈቃድዎን እለምናለሁ።

ስሜ ኢንሻራህ ዘካሪያ ነው። በተቋምዎ ሃያ ሦስት ዓመት አገልግያለሁ። ሥራዬ በዓይን የማይታዩ ፈንገሶችን ከአፈር፣ ከውኃና ከጨው ውስጥ አውጥቶ መለየት፣ የየትኛው ወገን እንደሆኑ መመደብ፣ ከዚህ በፊት ማንም ያላያቸው ሲሆኑም ስም ማውጣት ነው። ነበር ማለቴ ነው።

ዋጊህ ሺኑዳን ያስታውሱታል ብዬ አልጠብቅም። ሰላሳ አንድ ዓመት በቤተ ሙከራዎ ሠርቷል፤ እርስዎ ግን እስከ መጨረሻው «አንተ ባለ ሽርጡ» እያሉ ነበር የሚጠሩት። ዲግሪ አልነበረውም፤ በካይሮ ሹብራ ሰፈር ካለ አንድ የሙያ ትምህርት ቤት ያገኘው ወረቀት ብቻ ነበረው። ይሁን እንጂ በሳህን ላይ የበቀለን ሻጋታ ሳይነካ፣ ክዳኑን ሳይከፍት፣ በመስኮት ብርሃን አዘንብሎ አይቶ ወገኑን ይነግረኝ ነበር፤ እኔም በማይክሮስኮፕ ሁለት ሰዓት ለፍቼ እሱ ያለው ላይ እደርሳለሁ። በዕድሜ በአሥር ዓመት ይበልጠኝ ነበር። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ግን «እሳቸው» አልለውም፤ ያለኝን አንቱታ ሁሉ ለእርስዎ ሰጥቼ ጨርሻለሁ።

የዛሬ አሥር ዓመት፣ በመጋቢት፣ እኔና ዋጊህ ወደ ናትሩን ሸለቆ ወረድን። ከአስቄጥስ ገዳማት ማዶ፣ ውኃው በበጋ ደም መስሎ የሚቀላ፣ ዳሩ ላይ ነጭ የሶዳ ቅርፊት የሚጋገርበት ሐይቅ አለ። ብዙ ቢቆዩበት ቆዳ ይልጣል። የጉዞውን ማመልከቻ ሲፈርሙልን «እዚያ ውስጥ ከሰይጣን በቀር ምን ይኖራል ብላችሁ ነው?» ማለትዎ ትዝ ይለኛል። ከቅርፊቱ ስልሳ ናሙና ይዘን ተመለስንና ስልሳ ሳህን ላይ ዘራን። በሁለት ሳምንት ውስጥ የምናውቃቸው ሁሉ በቀሉ። ቆጥሬ፣ መዝግቤ፣ ሳህኖቹን ያገለገለ ዕቃ ወደሚጸዳበት መቀቀያ ልጥል ስል ዋጊህ እጄን ያዘኝ።

«ዶክተር፣ ይቺን አርባ አንደኛዋን ተይልኝ።»

«ባዶ ናት እኮ ዋጊህ። ምንም የለባትም!»

«ባዶ አይደለችም፣ አልቸኮለችም እንጂ። ጨው ውስጥ የምትኖር ፍጥረት ምን ያስቸኩላታል? እኔ እንደሆነ የኩላሊት ሐኪም ወረፋ እየጠበቅኩ ነው፤ እሷንም አብሬ እጠብቃታለሁ።»

በሰባ አንደኛው ቀን በሳህኗ ጠርዝ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ግራጫ ነጥብ ታየች። በማይክሮስኮፕ ስናያት ዘሮቿ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ተሰክተው፣ በእያንዳንዳቸው አንገት ላይ ደግሞ ትንሽ ኮሌታ አለ። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ዋጊህም አይቶ አያውቅም። ከወንበሩ ተነሥቶ ሽርጡን አወለቀና «ሻይ ላፍላ» አለኝ።

ዲኤንኤዋን አስነብበን ከዓለም መዝገብ ጋር ስናስተያየው ለብቻዋ ቆመች። አዲስ ዝርያ ብቻ አልነበረችም፤ ዝርያዋን የሚያቅፈው ወገን አዲስ ነው፣ ወገኑን የሚያቅፈው ቤተሰብም አዲስ ነው። በእኛ ሙያ አዲስ ዝርያ ማግኘት በመንደር ውስጥ አዲስ ጎረቤት እንደማግኘት ነው። አዲስ ቤተሰብ ማግኘት ግን ማንም ያልሰማበት መንደር ላይ እንደመድረስ ነው፤ ለብዙ ባለሙያ በዕድሜው አንድ ጊዜ እንኳ አይገጥመውም።

ስድስት ዓመት ሠራን። ከሌሎች ሐይቆች አሥራ አንድ እህቶቿን አገኘን። የተለመደውን ምግብ አትበላም ነበርና፣ ዋጊህ ከሶዳና ከተቀቀለ ባቄላ ውኃ የሚዘጋጅ ለእሷ ብቻ የሚሆን ምግብ ፈጠረ። በየአርባ ቀኑ ወደ አዲስ ቱቦ ካልተዛወረች ትሞታለች፤ ስለዚህም በየአርባ ቀኑ፣ በፋሲካም ይሁን በኢድ፣ ይመጣል። በስድስተኛው ዓመት ከእህትማማቾቹ አንዷን አድርቆ በወረቀት ፖስታ አሸገና፣ ቱኒስ በሚገኝ የደረቁ ናሙናዎች ቤት እንዲቀመጥ ላክን። ከፖስታው ጋር ሕያው ቅጂዎችም ከነአመጋገባቸው መመሪያ ተላኩ። የመላኪያው ፈቃድ ላይ የክቡርነትዎ ፊርማ አለ፤ ሲፈርሙ ስልክ ያነጋግሩ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው የምስጋናዬ ዝርዝር ነው።

፩ኛ፦ ጽሑፋችንን አሥራ አራት ወር ሙሉ በጠረጴዛዎ ላይ ስላቆዩልን አመሰግናለሁ። ጸሐፊዎቹን ዋጊህንና እኔን አድርገን ያስረከብንዎት ለአንድ ሳምንት አስተያየት ነበር። በየወሩ ስጠይቅዎ «ትልቅ ሥራ ነው፣ በጥሞና ነው የማነበው» ይሉኝ ነበር። በጥሞና ማንበብዎን በኋላ ለማየት በቅቻለሁ፤ ከስሞቹና ከአንድ ዓረፍተ ነገር በቀር አንዲት ቃል እንኳ ሳትጎድል ታትሟልና።

፪ኛ፦ ስላሳተሙልን አመሰግናለሁ። እርስዎ ዋና አዘጋጅ በሆኑበት መጽሔት፣ በፊት ገጹ ላይ፣ በእርስዎና በልጅዎ ባል በዶክተር ሐይሰም ስም ወጣ። ዶክተር ሐይሰም ናትሩንን የሚያውቀው ወደ እስክንድርያ ለባሕር ዳርቻ ዕረፍት ሲሄድ ከመኪና መስኮት ነው። ሰው አዲስ ያገኘውን ፍጥረት በራሱ ስም መጥራት በሙያችን ነውር መሆኑን አሳምረው ያውቃሉ፤ ስለዚህ የአማችነቱን ወግ ለመወጣት ስሙን ያወጣው እሱ ሆነ። ወገኑ «ሙራዲዬላ» ተባለ። ከወገኑ ስም የሚገኘው የቤተሰቡ ስምም እርስዎን ተከተለ። ሙራድ የሚለው ቃል በሁለት መስመር ውስጥ አምስት ጊዜ ሲነበብ አንባቢ የሚንተባተብ ይመስለው ነበር።

በመጨረሻው ገጽ፣ በደቃቅ ፊደል፣ «ብርጭቆ ላጠቡ የቤተ ሙከራ ሠራተኞች ምስጋና ይድረሳቸው» የሚል አለ። ዋጊህ መነጽሩን አውልቆ ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አነበበው።

«ይሄ እኔን ነው?»

«አዎ፣ ዋጊህ።»

«ብርጭቆውን ሰሚራ አይደለችም እንዴ የምታጥበው?» አለ። ቀጥሎም «እሷስ ስሟ ቢጻፍላት ምን ነበረበት» አለና ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ መለሰልኝ። ያን ቀን ጥርሴን የነከስኩት ንክሻ እስካሁን አልለቀቀኝም።

፫ኛ፦ ቅሬታዬን ስለሰሙልኝ አመሰግናለሁ። የከሰስኩት እርስዎን ነበር፤ የሰማኝም እርስዎ የሰበሰቡት ጉባኤ ነበር፤ እንዲህ ያለ ቅልጥፍና በየትም መሥሪያ ቤት አላየሁም። «ሻጋታ የማንም የግል ንብረት አይደለም» ብለው ጀመሩ። ቀጥለው ዋጊህን ምስክር ብለው አስጠሩት። የእሑድ ኮቱን ለብሶ ገባ።

«አንተ በዚህ ሥራ ውስጥ ድርሻህ ምን ነበር?» አሉት።

«ጠበቅኳት፣ ጌታዬ።»

«ምን አልክ?»

«ጠበቅኳት። ሰባ አንድ ቀን። ከዚያ ስድስት ዓመት መገብኳት።»

«መጠበቅ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ምርምር የሆነው? እንዲህ ከሆነማ ለዘበኛችንም ዶክትሬት ይሰጠው!»

ጉባኤው በሙሉ ሳቀ። ዶክተር ሐይሰም እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ዋጊህም አብሮ ፈገግ አለ፤ ሰው ሲስቅ አለመሳቅ ነውር የሚመስለው ሰው ነበርና። በሳምንቱ የሥራ መደቡ ታጠፈ፤ ለእኔም ከምድር በታች ያለው መጋዘን ተሰጠኝ። ዋጊህ ዕቃውን ሲያስረክብ የጠየቀው ስለ ጡረታው አልነበረም። «ማን ይመግባታል?» አለ። የሶዳውን ልክ፣ የባቄላውን ውኃ፣ የአርባ ቀኑን ቀጠሮ በትልልቅ ፊደል ጽፎ በፍሪጁ በር ላይ ለጠፈ። በማግስቱ ስመጣ በቦታው የክቡርነትዎ የሽልማት ፎቶግራፍ ተለጥፎ ነበር።

፬ኛ፦ ለዚህኛው ማመስገኛ ቃል ፈልጌ አጣሁ፤ ስለዚህ እንደወረደ እናገረዋለሁ። ዋጊህ ከተባረረ በአሥራ አንደኛው ወር፣ በጥር ብርድ፣ ኩላሊቱ አልሠራ ብሎ ሞተ። እርስዎ ገደሉት አልልም፤ ስኳሩ ነው የገደለው። እርስዎ የወሰዱበት ጠዋት ጠዋት የሚነሣበትን ምክንያት ነው። ሆስፒታል ስጠይቀው ቱቦዎቹ እንዴት እንደሆኑ ይጠይቀኝ ነበር፤ የፍሪጁ ቁልፍ የለኝም ማለት አቅቶኝ «ደህና ናቸው» እለው ነበር። በመጨረሻው ማክሰኞ እጄን ይዞ «ስሟን ምን አሏት ነበር?» አለኝ።

«ሙራዲዬላ።»

«ከብዷታል» አለ። «እሷ እኮ ትንሽ ናት።»

ተበቀዪልኝ አላለኝም። ይህን በግልጽ እንዲመዘገብልኝ እፈልጋለሁ። በቀሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ የራሴ ነው፣ ለማንም አላካፍለውም።

፭ኛ፦ እንግዲህ ስላለማንበብዎ አመሰግናለሁ። ለአንባቢዎቼ ሕጉን ላስረዳ። ለፈንገሶች የሚወጣ ስም የሚመራበት ዓለም አቀፍ ደንብ አለ። በዚህ ደንብ መሠረት አዲስ ስም በሕግ የሚወለደው፣ ስሙ የተሰጠው አንድ ናሙና፣ ዋቢ ናሙና የምንለው፣ በሚታወቅ የናሙና ቤት ውስጥ በቋሚነት ተቀምጦ፣ ቦታውም በጽሑፉ ላይ ሲጠቀስ ነው። ያ ናሙና ደግሞ ሕያው ሊሆን አይችልም። ሕያው ነገር ይለወጣል፣ ይበከላል፣ ይሞታል፤ ስም የሚታሰረው በማይለወጥ ነገር ላይ ነው። ስለዚህ ይደርቃል፣ ወይም ለዘለዓለም እንዳያድግ ሆኖ ይቀዘቅዛል። ይህን ያላሟላ ስም ስህተት አለበት እንኳ አይባልም። እንዳልወጣ ነው የሚቆጠረው።

እኔና ዋጊህ በጻፍነው ጽሑፍ ላይ ዋቢ ናሙናው ደርቆ ቱኒስ ተቀምጧል የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ክቡርነትዎ ከመላው ጽሑፍ መርጠው የሰረዙት እሱን ብቻ ነው፤ ምክንያቱም በናሙናው ፖስታ ላይ በላኪነት የተጻፈው የእኛ ስም ነው። በምትኩ «ዋቢ ናሙናው ሕያው ሆኖ በተቋማችን ፍሪጅ ውስጥ ይገኛል» ብለው በእጅዎ ጻፉ። መጽሔቱ በወጣ ዕለት ገና በመጀመሪያው ንባብ አየሁት። እዚያው ቁጭ አልኩ። ሰሚራ «ምን ሆነሽ ነው ብቻሽን የምትስቂው?» ብላ ውኃ አመጣችልኝ።

ግማሽ ገጽ ማስተካከያ ቢያወጡ ስሙ በዚያው ቀን ይጸና ነበር። ማንም ቢነግርዎ ይጸና ነበር። ሕሊናዬ ዝም እንድል አልፈቀደልኝምና ነግሬዎታለሁ፦ ለጉባኤው ባቀረብኩት አቤቱታ በሰባተኛው ገጽ፣ ከላይ በሦስተኛው መስመር፣ ስህተቱን ከነመፍትሔው በግልጽ ጽፌዋለሁ። በሰባተኛው ገጽ ላይ ያደረግኩት ክቡርነትዎ ከሁለተኛው ገጽ አልፈው እንደማያነቡ ሃያ ሦስት ዓመት ስላየሁ ነው። አቤቱታዬ ሲመለስልኝ ከሁለተኛው ገጽ በኋላ ያሉት ወረቀቶች እንደተጣበቁ ነበሩ። ሕሊናዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ሕፃን ይተኛል።

ከዚያ ጠበቅኩ። መጠበቅን ከማን እንደተማርኩ ያውቃሉ። በሙራዲዬላ ሜዳሊያ ሲሸለሙ ጠበቅኩ። የእሷ ሥዕል ያለበት የሻይ ኩባያ ለእንግዶች ሲታደል ጠበቅኩ። በተቋሙ መግቢያ ላይ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ፣ ዘሯና ኮሌታዋ በሰማያዊ ሸክላ ንጣፍ ሲሠራ፣ ከሥሩም ስሙ በወርቅማ ፊደል ሲጻፍ ጠበቅኩ። ከፍ ብሎ የተሰቀለ ነገር ሲወድቅ ድምፁ ያምራል። እስከዚያው ግን ማታ ማታ ወጥ ቤቴ ውስጥ ጽሑፉን እንደ አዲስ ጻፍኩት። የናሙና ቤቱ ኃላፊ ዶክተር ረውዳ ከቱኒስ እያንዳንዱን መለኪያ ዳግም አየችልኝ፤ ከሕያው ቅጂዎቹ ሥዕሎቹን አዲስ አነሳችልኝ። ያወጣሁትን አዲስ የወገን ስም በስልክ አነበብኩላት። «እሱ ነው ፖስታው ላይ 'እባካችሁ በደንብ ያዟት' ብሎ የጻፈው?» አለችኝ።

፮ኛ፦ ስለ ጉባኤው ደግሞ ልዩ ምስጋና አቀርባለሁ። ከአሥራ አራት አገር ሰው ጠርተው፣ ሙራዲዬላን በይፋ ሊያስተዋውቁ፣ ማክሰኞ ጠዋት በታላቁ አዳራሽ መድረክ ላይ ወጡ። የእኔ ጽሑፍ በአንድ የውጭ አገር መጽሔት የወጣው እሑድ ነው። ሰኞ አያነቡም ብዬ ገምቼ ነበር፣ አላሳፈሩኝም። እኔ ግብዣ ስላልደረሰኝ ለእንግዶች የሚሆን ብርጭቆ ሳመላልስ በኋላ በር በኩል ቆሜ አየሁ።

ንግግርዎን ሲጨርሱ ዶክተር ረውዳ እጇን አወጣች።

«ፕሮፌሰር፣ እንኳን ደስ አለዎ። ዋቢ ናሙናው የት ነው ያለው?»

«እዚሁ ነው፣ ፍሪጃችን ውስጥ!»

«ደርቆ?»

«ኧረ የምን መድረቅ!» አሉ እየሳቁ። «ሕያው ነው እንጂ! ከእኔና ከአንቺ የበለጠ ሕያው ነው!»

ከፊት ወንበር ላይ ያሉት አሥራ ሁለት ያህል ባለሙያዎች ቀና አሉ። አንድ ሽማግሌ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«እንግዲያውስ» አለች ረውዳ፣ «ናሙናው ሕያው ከሆነ ስሙ ሞቷል ማለት ነው። ደንቡን እርስዎ ነዎት የሚያስተምሩት።»

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ለእኔ በቂ ነበር። ክቡርነትዎ ግን ከእኔ ይልቅ ለጋስ ነዎትና፣ «ሐይሰም፣ ቱቦውን አምጣው፣ በዓይናቸው ይዩት!» ብለው አዘዙ። ዶክተር ሐይሰም ሮጦ አመጣ። ካሜራ ባለው ማይክሮስኮፕ ሥር አደረጉት፣ በአዳራሹ ሸራ ላይም ታየ። ሦስት ዓመት ገደማ ማንም አልመገባትም፤ እዚያ ቱቦ ውስጥ የነበረችው ከሞተች ቆይታለች። በሸራው ላይ፣ አውቶቡስ የሚያህል ሆኖ፣ በየቤቱ የተረሳ ሎሚ ላይ የሚወጣው አረንጓዴ ሻጋታ ተንጣልሎ ነበር። እዚያ አዳራሽ ውስጥ እሱን የማይለይ አንድም ሰው አልነበረም። የሻይ አስተናጋጁ እንኳ «ይሄማ የሎሚው ነው» ብሎ ጮክ ብሎ ተናገረ።

በዚህን ጊዜ ዶክተር ረውዳ የእሑዱን መጽሔት ከቦርሳዋ አውጥታ ስሙን አነበበች። ወገኑ ዋጊሂያ ነው። ዝርያዋ «የምትጠብቀው» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ስም አላት። ቤተሰቡም ደንቡ እንደሚያዘው ስሙን ከወገኑ ወስዶ የዋጊህ ቤተሰብ ሆኗል። ጸሐፊዎቹ ሟቹ ዋጊህ ሺኑዳና ኢንሻራህ ዘካሪያ ናቸው። ዋቢ ናሙናው ደርቋል፣ ቱኒስ ተቀምጧል፣ ቁጥሩ ተጽፏል፣ ከግብፅ የወጣው በክቡር ፕሮፌሰር ሙራድ ታጅ ኤድዲን ፊርማ መሆኑም ተመስግኖ ተጠቅሷል።

አሁን ግማሽ ገጽ ቢያሳትሙም ሺህ ገጽ ቢያሳትሙም የቀደመ ስም አለ። የእርስዎ ስም ደግሞ ጨርሶ አይጠፋም፤ ይህ እንዳያሳስብዎት። የሙያችን ሰዎች የቀድሞ ስሞችን መዘርዘር ይወዳሉና፣ ስለ ዋጊሂያ በጻፉ ቁጥር ከሥሯ በትንሽ ፊደል «ሙራዲዬላ፣ በሕግ ያልጸና» እያሉ ያስታውሱዎታል። እርስዎና እኔ ከሞትን በኋላም ያስታውሱዎታል።

በቀል ባዶ ነው፣ ሰው ካገኘው በኋላ አፉ ውስጥ አመድ ይሆንበታል እያሉ የሚመክሩ ደጋግ ሰዎች አሉ። ሞክረውት የሚያውቁ አይመስለኝም። ባለፈው ሐሙስ ሁለት ሠራተኞች መዶሻና መሮ ይዘው የመግቢያውን ሰማያዊ ግድግዳ ማፍረስ ጀመሩ። የእኔ መጋዘን በትክክል ከሥሩ ነው። የያንዳንዱን ፊደል ውድቀት ቁጭ ብዬ አዳመጥኩ። በአየር ማስገቢያው በኩል ድምፃቸው ይመጣል።

«ሐጂ፣ ይሄ ምን አጥፍቶ ነው የሚነቀለው? ገና አዲስ እኮ ነው!»

«እኔ ምን አውቄ። ስሙ የውሸት ነው አሉ። አንተ ብቻ ምታ!»

ሻይ አፍልቼ ለሁለቱም ላክሁላቸው። ስኳር አብዝቼ።

መጽሔቱን ይዤ ሹብራ ወደሚገኘው የዋጊህ ቤት የሄድኩት ዓርብ ነው። ሚስቱ ኤቭሊን ጾም ላይ ስለነበረች ፉልና ጠዕሚያ የሚሉትን የባቄላ ጥብስ አቀረበችልኝ። ስሙ ያለበትን ገጽ ከፍቼ አሳየኋት። የላቲን ፊደል አታነብምና በጣቴ እየመራሁ አነበብኩላት።

«ይሄ የሱ ስም ነው?»

«የሱ ነው። ከሥሩ ያለው ደግሞ የቤተሰቡ ነው።»

«ቤተሰቡስ እኛ ነን» አለች። ገጹን ወደ ራሷ ሳበችው። «ስንት ዓመት ይቆያል?»

«ሰው ሻጋታ እስካጠና ድረስ ይቆያል።»

በአንድ ዓይኗ እየሳቀች በሌላው እያለቀሰች «እንዴት ያለ ነገር ነው!» አለች። «ሰላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሻጋታ ሻጋታ እየሸተተ ሲመጣ 'ልብስህን በረንዳ ላይ አውልቅ' እያልኩ እጮህበት ነበር። ምነው አንድ ቀን እንኳ ዝም ባልኩለት!» ቀጥላም ስለ እርስዎ ጠየቀችኝ። አሁንም ዳይሬክተር መሆንዎን ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀችና ሳህኔ ላይ ጠዕሚያ ጨመረችልኝ። እኔ ግን ያን ሳልነግርዎ አላልፍም፦ አሁንም ዳይሬክተር ነዎት፣ ወንበሩም መኪናውም ማኅተሙም አለዎት፣ ዋጊህም ከመቃብሩ አልተነሣም። ከእርስዎ መውሰድ የቻልኩት የእሱ የነበረውን ብቻ ነው። እሱን ግን ወስጄዋለሁ።

በተረፈ፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ፤ አዲስ የሚታተሙትን የፈንገስ መጻሕፍት ሁሉ አንድ በአንድ ለማንበብ የሚበቃ ረጅም ዕድሜ።

ከማይነገር አክብሮት ጋር፣ ከእግርዎ በታች በትክክል አራት ሜትር ላይ የምገኝ የዘወትር ታዛዥዎ፣

ዶክተር ኢንሻራህ ዘካሪያ
የብርጭቆ ዕቃዎች ክፍል ተጠሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በዚህ ዓመት ከካይሮ ፍሳሽ መውረጃዎች ሦስት አዳዲስ ዝርያዎች ለይቻለሁ፤ ከመካከላቸው አንዱ በሌሎች ላይ ተጣብቆ የሚኖር፣ የራሱ የሆነ ምንም የማያመርት፣ ሽታውም የማይቻል ነው። ወዳጆቼ በክቡርነትዎ ስም እንድጠራው አጥብቀው ወትውተውኝ ነበር። በጥሞና አሰብኩበትና እምቢ አልኩ። በእኛ ሙያ በአግባቡ የወጣ ስም ሦስትና አራት መቶ ዓመት ይኖራል፤ ለስድብ እንኳ ቢሆን ያን ያህል ዕድሜ ልሰጥዎ አልፈልግም።